ተረፈ ምርቱ ወዴት ሄደ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓልና ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ አንባቢዎች በመጠኑ አጥሮ የቀረበ)

ክቡራን የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣



በዚህ መድረክ ላይ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «የቡና ተረፈ ምርትን መልሶ ጥቅም ላይ ማዋልና የአሠራሩ ዘላቂነት» የሚል ነው። ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ወይም «ሰርኩላር» እየተባለ በየስብሰባው ይነሳል። ቃሉ አዲስ ቢሆንም ሥራው ለእኛ አዲስ አይደለም። በዚህ አካባቢ አያቶቻችን እንሰቱንና ቡናውን በቤታቸው ዙሪያ ሲተክሉ የከብቱን እበት፣ የምድጃውን አመድና የጓዳውን ጥራጊ እዚያው ሥሩ ላይ ይመልሱ ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያየው ይህንኑ ከእንሰት፣ ከቡናና ከአገር በቀል ዛፍ የተሠራ ኑሮ ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ብቻ አይደለም። እንደምታውቁት ከሰዓት በኋላ ለጉባኤው የሚቀርብ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አለ። ከዘንድሮው ትርፍ ውስጥ ሕጉ የሚያዘው መጠባበቂያ ከተቀነሰ በኋላ ለአባላት ከሚከፋፈለው ገንዘብ ከፊሉ ተይዞ፣ በላዩም የባንክ ብድር ተጨምሮ፣ የቡና ገለባን ወደ ማገዶ ብሪኬት የሚለውጥ ማሽን እንዲገዛ የሚል ነው። ይህ የእናንተ ገንዘብ ነው። የአንዳንዳችሁ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ፣ የአንዳንዳችሁ የቤት ቆርቆሮ ነው። በመሆኑም እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ አሠራር ዘላቂ መሆኑና አለመሆኑ እንዴት እንደሚመዘን፣ ከራሴም ስህተት የተማርኩትን ጨምሬ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ስህተቴን ላስቀድም

ከዓመታት በፊት በአንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ከቀይ ቡናው የሚወጣውን ቅርፊት ወደ ኮምፖስት የምንለውጥበት ሥራ ጀመረልን። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የእጅ ጋሪ መጣ፣ ሥልጠና ተሰጠ። እኔም በየሳምንቱ ሪፖርት እጽፍ ነበር፤ «ይህን ያህል ኩንታል ቅርፊት ወደ ጉድጓድ ገባ» እያልኩ። ቁጥሩ ከፍተኛ ስለነበር ተመሰገንን፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠን።

በመጋቢት የበልግ ዝናብ መጣል ሲጀምር ከጣቢያው በታች የሚኖሩ አንድ አዛውንት መጡ። በቁጣ አልነበረም የመጡት። «ልጄ፣ ላሞቼ ውኃውን አሽትተው ይመለሳሉ፤ አንድ ጊዜ ወርደህ ብታየው» አሉኝ። ወረድኩ። ቡኒ ፈሳሽ ከጉድጓዶቻችን እየተነሳ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። ወደ ላይ ተመልሼ ጉድጓዶቹን ሳስከፍት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክምር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይገለበጥ ዝቃጭ ሆኖ ነበር። የተብላላውንም ቢሆን የወሰደው ሰው ጥቂት ነው። የአባላቱ ማሳ ዳገት ላይ ነው፤ እርጥብ ኮምፖስት በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለማን ያዋጣል?

እኔ የመዘገብኩት ወደ ጉድጓዱ የገባውን ነበር። ከጉድጓዱ ወጥቶ ማሳ የደረሰውን ግን አንድም ቀን አልመዘገብኩም። ወንዙን ከብክለት ጠበቅን ብለን የምስክር ወረቀት ስንቀበል፣ ያደረግነው ብክለቱን ከኅዳር ወደ መጋቢት ማስተላለፍ ነበር። እኒያ አዛውንት ባይመጡ ኖሮ ዛሬም ያንን ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እኮራበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተረፈ ምርትን መልሶ የመጠቀም ሥራ ሲቀርብልኝ አምስት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ።

አንደኛው ጥያቄ፤ የገባው ሁሉ ወዴት ሄደ?

ይህ የሚዛን ጥያቄ ነው። አንድ ጣቢያ በአንድ የምርት ወቅት 6,000 ኩንታል ቀይ እሸት ቡና ተቀበለ እንበል። በተለመደው ስሌት ከስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ስለሚወጣ፣ ለገበያ የሚደርሰው 1,000 ኩንታል ገደማ ነው። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ የሚሆነው እርጥብ ቅርፊት ነው፤ ይህም 2,400 ኩንታል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ግን ከሦስት አራተኛው በላይ ውኃ ነው። ደረቁ ነገር 550 ኩንታል ቢሆን፣ በመብላላት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወደ አየር ስለሚሄድ በመጨረሻ የሚገኘው መጠነኛ እርጥበት ያለው ኮምፖስት 550 ኩንታል አካባቢ ይሆናል።

2,400 ገብቶ 550 ወጣ። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ነገር ግን ሪፖርት አቅራቢው 2,400ን ብቻ የሚያነብልን ከሆነ ሥራውን ሳይሆን ክምሩን እየነገረን ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

በውኃውም በኩል እንዲሁ ነው። የመፈልፈያውን ውኃ አጣርቶ ደግሞ መጠቀም፣ ወይም ጥቂት ውኃ የሚፈልጉትን አዳዲስ መፈልፈያዎች መትከል ውኃ ይቆጥባል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከቡናው የሚለቀቀው ስኳርና ሙጫ መጠኑ አልቀነሰም፤ በጥቂት ውኃ ውስጥ ወፍሮ ተከማቸ እንጂ። ይህ ፈሳሽ ወንዝ ሲገባ በውስጡ የሚራቡት ተሕዋስያን በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ሌላውም ነፍሳት ይታፈናል። ስለዚህ ውኃ መቆጠብና ብክለት መቀነስ አንድ አይደሉም። የማጠራቀሚያ ገንዳው፣ ከገንዳው በታች የሚተከለው የቬቲቨር ሣርና የገንዳው በወቅቱ መጠረግ የግድ አብረው መሄድ አለባቸው። አሮጌ ውኃን ከመጠን በላይ መመላለስ የቡናውንም ጣዕም ያበላሻል፤ ያን ጊዜ በቁጠባ ያገኘነውን በደረጃ እናጣዋለን።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ምንን ተካ?

«ኮምፖስቱ ማዳበሪያን ይተካል» ይባላል። እስቲ እንቁጠረው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። እርጥበት ያለው የቅርፊት ኮምፖስት ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል ናይትሮጅን ቢይዝ፣ 550 ኩንታሉ 550 ኪሎ ይሆናል። ይህ የ12 ኩንታል ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ እሱም በአንድ ዓመት ሳይሆን ቀስ በቀስ ለተክሉ የሚለቀቅ።

በሌላ በኩል ወደ ውጭ የላክነው 1,000 ኩንታል ንጹሕ ቡና ከመሬታችን ይዞት የሄደው ናይትሮጅን በኩንታል ወደ 2 ኪሎ፣ በድምሩ 2,000 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ኮምፖስት ሁሉ ማሳ ቢደርስ እንኳ የሚመልሰው በፍሬው ከወጣው ናይትሮጅን አንድ አራተኛውን ያህል ነው። ዑደቱ አልተዘጋም ማለት ነው። የቀረውን ከጥላ ዛፉ ቅጠል፣ ከእበቱ፣ ናይትሮጅን ለአፈሩ ከሚሰጡት የአተር ዘር ተክሎችና እንደየሁኔታው ከዩሪያ ማግኘት ይኖርብናል። ለአባል «ከእንግዲህ ሌላ ነገር አያስፈልግህም» ብሎ መንገር ማሳሳት ነው።

በፖታሲየም በኩል ግን ነገሩ ይለያል። ቅርፊቱ በፖታሲየም የበለጸገ ስለሆነ በፍሬው ከወጣው የማይተናነስ ሊይዝ ይችላል። ችግሩ ፖታሲየም በዝናብ በቀላሉ መታጠቡ ነው። ክምሩ ላይ የሳር ወይም የፕላስቲክ ልባስ ካልተደረገ ሀብቱ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ወንዙ ይሄዳል። እኒያ አዛውንት ያሳዩኝ ቡኒ ፈሳሽ ብክለት ብቻ አልነበረም፤ የእናንተ የቡና ዛፍ ምግብም ነበር።

አሁን ወደ ብሪኬቱ ልምጣ። ብሪኬት የማገዶ እንጨትን ወይም ከሰልን በእርግጥ ከተካ ለደናችን እፎይታ ነው። የሚሸጠው ግን ለከተማ ከሆነና የአባላቱ ጓዳ እንደወትሮው እንጨት የሚያነድ ከሆነ፣ የእኛን ዛፍ አልተካም፤ ሌላ ሸቀጥ ጨመረ እንጂ። በተጨማሪም ገለባ ሲነድ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይሄዳል፤ ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ከተማ ከቀረ ከማሳችን ሁለተኛ ጊዜ ወሰድን ማለት ነው፤ መጀመሪያ በፍሬው፣ ቀጥሎ በገለባው። ይህንን ስል ብሪኬት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ደረቅ ገለባ በብዛት በሚከማችበት በጀንፈል መፈልፈያ ሊያዋጣ ይችላል። ከእርጥብ ቅርፊት ለመሥራት ግን አስቀድሞ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የማድረቂያውን ቦታና ጉልበት በሐሳቡ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ድጋፍ ሲቆም ሒሳቡ ይቆማል ወይ?

ማሽኑ በስጦታ ቢመጣ እንኳ ያረጃል። በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ካልተያዘለት ሲሰበር የሚተካው ገንዘብ አይኖርም። የማሽኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመብራት፣ የመለዋወጫ፣ የመጓጓዣ፣ የሠራተኛና የብድር ወለድ ወጪ በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። የኮምፖስትም ወጪ እንዲሁ ነው። ለመገልበጥ የሚከፈለው ጉልበት፣ ዳገት ለማውጣት የሚከፈለው የአህያ ኪራይ «ነጻ ነው» ተብሎ አይታለፍ። አባል በነጻ ሲሸከም ዋጋው አልጠፋም፤ ከዩኒየኑ መዝገብ ወደ አባሉ ጀርባ ተዛወረ እንጂ።

ገበያውም በተስፋ ሳይሆን በውል ይታይ። ለምሳሌ የደረቀ የቡና ቅርፊት ለሻይ መጠጥነት እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። በሐረር አካባቢ ሆጃ እየተባለ ከቡና ገለባ የሚፈላውን መጠጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቅም። ይሁንና ለምግብ የሚሆን ቅርፊት ሻጋታ የማይነካው፣ በዕለቱ በንጹሕ አልጋ ላይ የተሰጣ መሆን አለበት። ያ አልጋ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለቡናው የሚፈለግ ነው። ለጥቂት ኩንታል ቅርፊት ብለን የቡናውን ደረጃ ብናወርድ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርስብናል።

አራተኛው ጥያቄ፤ ማን ተጠቀመ? ሸክሙስ በማን ላይ ወደቀ?

ትርፉ ለዩኒየኑ፣ ሽታው ለታችኛው ቀበሌ ከሆነ አሠራሩ ዘላቂ አይደለም፤ ጠብ እስኪነሳ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ማኅበር መሆናችን ከዚህ ነጻ አያወጣንም። ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከናንተም የምንጠብቀው አለ። ጣቢያ በሚፈተሽበት ጊዜ ቁጥጥሩ በኅዳር፣ ገንዳው አዲስ በተጠረገበት ሰሞን ብቻ ሳይሆን በመጋቢት፣ ዝናቡ በወረደ ማግስት ቢደረግ እውነቱ ይታያል።

ሌላው የሴቶች ጉዳይ ነው። ቅርፊቱን የሚያጓጉዙትና ክምሩን የሚገለብጡት በአብዛኛው በቀን ሂሳብ የሚሠሩ እናቶችና እህቶች ናቸው። ቦት ጫማና ጓንት ተገዝቶላቸዋል ወይ? ከሥራው ከሚገኘው ገቢ ድርሻ አላቸው ወይ? አባል ያልሆነች ሠራተኛ በትርፍ ክፍፍሉ ውስጥ የለችም። ለዚህም ነው ደመወዟ አስቀድሞ በሒሳቡ ላይ በትክክል መቀመጥ ያለበት።

አምስተኛው ጥያቄ፤ በክፉ ዓመትስ?

ቡና አንድ ዓመት ሲያዘነብል አንድ ዓመት እንደሚያርፍ እናንተ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ። በረከት በሞላበት ዓመት ልክ የተገዛ ማሽን በማረፊያው ዓመት ግማሹን ጊዜ ይቆማል፤ የብድሩ ወለድ ግን አያርፍም። በተጨማሪም ቅርፊት የሚገኘው በምርቱ ወራት ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም አካባቢ በአራት ክልሎች የተጀመረውን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ብናስታውስ፣ ከተሠሩት ማብላያዎች የየዕለት እበትና ውኃ ያላቋረጡት ለጓዳው እሳት፣ ለማሳው ዝቃጭ ማዳበሪያ ሲሰጡ፣ ላም የተሸጠበት ወይም መለዋወጫ የጠፋበት ቤት ያለው ግን ሥራ አቁሟል። ማብላያ እንደ ከብት ነው፤ በየቀኑ መብላት ይፈልጋል። ሦስት ወር ቅርፊት አብልተን ዘጠኝ ወር ልናስጾመው አንችልም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በዴንማርክ ካሉንድቦርግ በምትባል የወደብ ከተማ ፋብሪካዎች አንዱ የሌላውን ተረፈ ምርት የሚጠቀሙበት አሠራር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። የመድኃኒትና የኢንዛይም ፋብሪካው ዝቃጭ ለገበሬዎች ማሳ ማዳበሪያ ሆኗል። የኃይል ማመንጫው ጭስ ሲጣራ የሚወጣው ጂፕሰም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ለግድግዳ ሰሌዳ ፋብሪካ ይሰጥ ነበር። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ ከድንጋይ ከሰል ወደ እንጨት ስንጥር ሲዞር ያ የጂፕሰም ምንጭ ቆመ። ለአየሩ መልካም የሆነው ለውጥ ለዑደቱ አንድ ቀለበት መበጠስ ሆነ። ከዚህ የምንማረው በአንድ ምንጭና በአንድ ገዢ ላይ የቆመ ዑደት ያ አንዱ ሲለወጥ አብሮ እንደሚለወጥ ነው። አሠራሩ የቆየው ብዙ ቀለበት ስለነበረውና ጎረቤታሞቹ ስለሚነጋገሩ ነው።

ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ አባላት፣

የእኔ ሐሳብ ማሽኑ ዛሬ እንዲገዛም፣ ለዘለዓለም እንዲቀርም አይደለም። አንድ የምርት ወቅት እንመዝን ነው የምለው። ለዚህም ሦስት ጣቢያዎች ይመረጡ፤ አንዱ ከዳገት፣ አንዱ ከመንገድ ዳር፣ አንዱ ደግሞ የጀንፈል መፈልፈያ ይሁን። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ይቀመጥ። ደብተሩ ሦስት ዓምድ ይኑረው፤ የገባ፣ የወጣ፣ ማሳ ወይም ገዢ ጋ የደረሰ። ጉልበት፣ ኪራይና መሸፈኛ የወጣበት ገንዘብ በዚያው ገጽ ግርጌ ይጻፍ። ከጣቢያው በታች የሚኖሩ ሁለት ነዋሪዎች፣ አባል ባይሆኑም፣ በወር አንድ ጊዜ ወንዙን ከቁጥጥር ኮሚቴው ጋር አብረው ይዩ፤ ያዩትንም በደብተሩ ላይ ያስጽፉ። የልማት ሠራተኞቻችን ደግሞ ኮምፖስት ያገኘና ያላገኘ ማሳ ጎን ለጎን ይመድቡ፤ የቡና ነገር በአንድ ዓመት ስለማይለይ ምልከታው ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ዓመት ይቀጥል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሚቀጥለው ጉባኤ ደብተሮቹ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይከፈቱ። ምናልባት የዳገቱ ጣቢያ ኮምፖስቱን እዚያው ለችግኝ ጣቢያ ማዋል እንደሚያዋጣው፣ የመንገድ ዳሩ ለአትክልት አምራቾች መሸጥ እንደሚችል፣ የጀንፈሉ ደግሞ በእርግጥም ብሪኬት እንደሚያስፈልገው እናገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ማሽኑን ብንገዛ በወሬ ሳይሆን በሚዛን ገዛን ማለት ነው።

አንዳንዶች «አንድ ዓመት መጠበቅ ዕድሉን ያሳልፈናል» ሊሉ ይችላሉ። ተረፈ ምርቱ ግን ከዓመት ዓመት አብሮን አለ። የማይጠብቀው ወንዙ ነው። ስለዚህ ገንዳ መጥረጉ፣ ክምር መሸፈኑና ቬቲቨር መትከሉ ውሳኔም ደብተርም ሳይጠብቅ ከነገ ጀምሮ ሊሠራ የሚገባው ነው።

ዩኒየናችን የተመሠረተው በመካከል ያለ ነጋዴ ሚዛኑን ስላጎደለብን ነበር። ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ቡናችን በትክክል ይመዘንልን» የሚል ነበር። ያንን ጥያቄ ለሌላው እንደጠየቅነው ዛሬ ለራሳችን እንጠይቅ። ቡናውን በትክክል እንደምንመዝን ተረፈ ምርቱንም እንመዝን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ የያዘውን ሲያውቅ ነው።

እኒያን አዛውንት ባለፈው ሰሞን አግኝቻቸው ነበር። ስለ በዓሉ ስነግራቸው «ደግ ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ካሉ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዘንድሮ በበልግ ውኃው ይጠራ ይሆን?» ለጥያቄያቸው መልስ የሚሰጠው ይህ ጉባኤ ነው።